የኪኒኑ ፍቅፋቂ

በሰፈሩ ሰው ዘንድ ስሙ «አንድ ደቂቃ» ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሰዓት ይዞ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ይላል፤ ደንበኛው በሳምንቱ ሲመለስ ሰዓቱ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ጨርቅ ላይ ተኝቶ ይጠብቀዋል። «አንድ ደቂቃ» ይባላል እንደገና። ሰው ይስቃል እንጂ አይቀየምም፤ የሱ እጅ የነካው ሰዓት ቶሎ ተመልሶ እንደማይቆም ሁሉም ያውቃል።

ሱቁ፣ ሱቅ ከተባለች፣ ከአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ቁም ሣጥን የምታክል ነገር ናት። ስልክ ሰዓትን ከሰው ክንድ ካወረደው ወዲህ አብዛኛው ሥራው ባትሪ መቀየር ሆኗል። እሱ ግን ያንኑ ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ያንኑ ወረንጦ ይዞ፣ እንደ ጥንቱ አጎንብሶ ይውላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች የየራሳቸውን ይናገራሉ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ «ጋሼ፣ እርስዎ ሱቅ ቁጭ ያለ ሰው እኮ ዕድሜውም ይጠፋዋል» እያለ ይቀልድበታል።

አንድ ጠባይ ግን አለበት፤ ነገር መጣል አይሆንለትም። የዛገች ብሎን፣ ጥርሷ የረገፈ መዘውር፣ የተቆረጠች ሽቦ፣ ሌላው እፍ ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ በወረንጦ ያነሣና በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል። «አንድ ቀን ትፈለጋለች» ይላል። ይህን ጠባዩን ልብ በሉልኝ፤ መዘዙ የመጣው ከዚሁ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሚጣ ይሏታል። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ራሷን አሟት ከትምህርት ቤት ተመለሰች፤ በሳምንቱ የለችም። ሐኪሞቹ ማጅራት ገትር ነው አሉ። ከዚህ በላይ የሚነገር ነገር የለውም፤ አንዳንዱ ሞት ታሪክ እንኳ የለውም።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ሚስቱ ጮኸች። ልብስ ተኳሽ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ ስትቆም የምትውል፣ ክንዷ የጠነከረ ሴት፤ ዘመድ ተሰብስቦ ሊይዛት አልቻለም። እሱ ደግሞ የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁ ዝም አይልም። ሊያጽናና የመጣውን ሐኪም ወደ ጓዳ ጠራና «እባክህ አንድ ነገር ስጣትና ትተኛልኝ» አለው። ሐኪሙም አዝኖለት ሰጠ። እሷን የጠየቃት የለም። ተኛች። ልጇ ተሸኝታ፣ አፈር ለብሳ፣ ሰው ተመልሶ፣ የተከራዩት ወንበር ሁሉ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ ነቃችና ባዶውን ክፍል ዞር ዞር ብላ አየች።

«የት ወሰዳችኋት?» አለች።

ኪኒኑ «ለጥቂት ቀን» ነው የተባለው። ጥቂት ቀን ሳምንት ወለደ፣ ሳምንቱ ዓመት ወለደ። ያ ሐኪም ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ሌላ ተካው፤ ማዘዣውን የሚያድሰው ሁሉ ያድሳል እንጂ «ለመሆኑ ይሄን ነገር እስከ መቼ ነው የምትወስጂው?» ያላት አልነበረም። ማታ ማታ አንድ ፍሬ በሞቀ ወተት ትውጥና ትተኛለች። ቀን ቀን ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ አለች። ትናገራለች፣ ትበላለች፣ ሰው ሲስቅ ትስቃለች። ነገር ግን ሁሉ ነገር ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ ነው የሚሰማት። የሰው ሸሚዝ ላይ ካውያ አስቀምጣ ትረሳለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ታገሧት፤ በኋላ ላይ የላውንድሪው ባለቤት እያፈረ አሰናበታት።

መቃብሩ ጋ አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። «ዛሬ ደክሞኛል» ትላለች። እሱም «ግድ የለም አንቺዬ፣ እኔ እሄዳለሁ» ይላታል፤ ደግሞም ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። ሲመለስ «እንዴት ናት?» ትለዋለች፤ «ደኅና ናት» ይላታል። ስለ መቃብር እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? እሱ ግን ይመልስ ነበር።

እውነቱን እንነጋገርና፣ ከቀብሩ ዕለት ወዲህ እሱም ከበሩ አልፎ አያውቅም። እስከ በሩ ይሄዳል። አበባ ከምትሸጠው ሴት አጠገብ ይቆማል፣ ወደ ውስጥ ያያል፣ እግሩ እንቢ ይለዋል፣ ይመለሳል። አልቅሶም አያውቅም። ለማልቀስ ጊዜ መቼ ኖሮት፤ የሚስቱን እንቅልፍ ይጠብቅ ነበራ። ሰው ሲጠይቀው «እኔማ ምን አለኝ፣ እሷን ነው እንጂ» ይላል። ያ ኪኒን የሚዋጠው በሚስቱ ጉሮሮ ይሁን እንጂ የሚያስተኛው ሁለቱንም ነበር።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ቁርስ ላይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ድምፅዋ ጠፋኝ» አለች።

«የማን?»

«የሚጣ። መልኳ አለ፣ ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ነው። ድምፅዋን ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። እንዴት ነበር እማዬ የምትለው? እስቲ በላት።»

እሱም ቢፈልግ አጣው። ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን በጫማ ለወጠችና ማንንም ሳታማክር ወደ ክሊኒኩ ሄደች፤ «ነገ ከባልዎ ጋር ይምጡ» ተብላ ተመለሰች።

በማግስቱ ሁለቱንም የተቀበለቻቸው ሲስተር ገና ወጣት ናት፤ ነገር ግን ስትናገር አትቸኩልም። ሚስቱ «ዛሬውኑ ልጣለውና ልገላገል» ስትላት ሲስተር ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች።

«እንዳያደርጉት እናቴ። ይሄን ሁሉ ዓመት ኪኒኑን የለመደ አንጎል በአንድ ጊዜ ሲነጠቅ ይደነግጣል። እንቅልፍ ማጣትና መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ጥሎ ሊያንፈራግጥ ይችላል። እኛ ቀስ ብለን ነው የምንወርደው። ትንሽ እንቀንሳለን፣ እንቆያለን፤ ሰውነትዎ ሲረጋጋ ደግሞ ትንሽ። ሲከብድዎት ባሉበት እንቆማለን። ማፈር የለም፣ ጥድፊያ የለም። አንድ ነገር ብቻ ነው የማይቻለው፤ ከኔ መደበቅ።»

ከዚያ ኪኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። «ችግሩ ትንሽ ናት። ከዳር ከዳሯ በልክ የሚፍቅ፣ እጁ የረጋ ሰው ቤት ውስጥ አለ?»

ሚስቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። «ሲስተር፣ የኔ ባል እኮ ቁንጫ ሰዓት ብታስር የሚጠግንላት ሰው ነው።»

ሲወጡ፣ መንገድ ላይ፣ ክንዱን ያዘችው። «ይሄን ነገር ስጨርስ ሚጣ ጋ ትወስደኛለህ። በደንብ ነቅቼ፣ በገዛ ዓይኔ ነው የማለቅስላት። እስካሁን አላለቀስኩላትም እኮ።»

«እወስድሻለሁ» አለ። ግን የት ብሎ ነው የሚወስዳት? የመቃብሩን ረድፍ እንኳ አያውቀውም። የቀብሩ ዕለት ሰው ደግፎት ሄደ፣ ሰው ደግፎት ተመለሰ፤ ያየው ቢኖር የፊት ለፊቱን ሰውዬ ኮት ጀርባ ነው።

ሥራው ተጀመረ። ማታ ሲሆን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ያነጥፋል፣ መነጽሩን ይሰካል፣ ኪኒኗን በወረንጦ ይዞ በምላጭ ዳር ዳሯን ይፍቃል። ሲስተር በሰጠችው ልክ፣ ከዚያ ሳይበልጥ ሳያንስ። የተፋቀውን ኪኒን ሚስቱ ትውጣለች። ወረቀቱ ላይ የቀረውን ነጭ ፍቅፋቂ ግን ማራገፍ ነበረበት፤ አላራገፈም። እጁ ለምዶ የለ፣ በብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ከረሜላ ቆርቆሮው ውስጥ አኖረው።

የመጀመሪያው ቅነሳ ደኅና አለፈ። ሁለተኛው ላይ ሚስቱ ያልባት ጀመር። የበር ድምፅ ያስደነግጣታል፣ ብርሃን ዓይኗን ይወጋታል፣ እጇ ማንኪያ አይይዝም። ሲስተር ይሄ እንደሚመጣ ተናግራ ነበር፤ ሲመጣ ደግሞ ምን እንደሚደረግ ተናግራ ነበር። ስልክ መደወል ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ባሉበት ይቁሙ ትላታለች፣ ሰውነቷ እስኪላመድ ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ወጥ ቤት ገባ። ሚስቱ የሚጣን የትምህርት ቤት ሹራብ አፏ ላይ ወትፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የላትም። ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ነው። ይህ ጀርባ አንጀቱን በላው። ያ የቀብር ጠዋት ተመልሶ የመጣ መሰለው። ወደ ሲስተር ደውሎ ቢሆን ኖሮ ይሄ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

አልደወለም። የዚያን ዕለት ማታ ወተቱን ሲያሞቅ ቆርቆሮውን ከፈተ፣ ፍቅፋቂውን ብርጭቆው ውስጥ አራገፈ፣ ምሬቱን እንዲሸፍንለት ማር ጨመረበትና አማሰለ። «ለዛሬ ብቻ» አለ በሆዱ። እሷም ጠጣችና እፎይ ብላ ተኛች።

ለዛሬ ብቻ የተባለው ነገር እንዴት እንደሚያድግ ከዚህ ቤት በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሲስተር ኪኒኑን ትቀንሳለች፣ እሱ በምላጭ ይፍቃል፣ የፋቀውን በወተት ይመልሳል። ኪኒኗ እያነሰች፣ የወተቱ ማር እየበዛ ሄደ። «ዘንድሮ ማር በኛ ቤት ረከሰ?» ትለዋለች ሚስቱ። «ጠንክሪ ብዬ ነው» ይላል።

ደግሞ መከራው፣ ሚስቱ ዳነች። ኪኒኑ ሊለቀኝ ነው ብላ ስታምን ፊቷ ተፈታ። ጠዋት ተነሥታ መስኮት ትከፍታለች፤ ከጎረቤት የታጠበ ልብስ ተቀብላ መተኮስ ጀመረች። አንድ እሑድ ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ ካውያውን ቀጥ አደረገችና «መጣልኝ» አለች። «እማ ላይ ትቆይና ዬ ላይ ታነሣዋለች። እማ… ዬ። አዎ፣ እንዲህ ነበር።» እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ሸሚዙ ላይ ጤዛ ጣለ። አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ምሳ በላች። ልክ እንደ ጤነኛ ሰው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ያ ሙሉ ኪኒን ሆዷ ውስጥ ነበር፤ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ደስታውና ኀፍረቱ አንድ ላይ ያንቁት ጀመር። «ነገ እነግራታለሁ» ይላል፤ ነገ ሲመጣ ሚስቱን እየዘፈነች ያገኛታል። ክሊኒክ ሲሄዱ ሲስተር የሚስቱን የደም ግፊት ለክታ፣ እጇን አስዘርግታ አይታ «ግማሽ ላይ ደርሰን እንዲህ የተረጋጋ ሰው ብዙም አላየሁም» ትላለች። ወደሱም ዞር ብላ «እድሜ ለአባታችን እጅ» ትለዋለች። እሱ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ከዕለታት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ የአንዲት ሴት የእጅ ሰዓት ከፍቶ ሳለ፣ ወረንጦው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሣው ፈለገ፤ ቀኝ እጁ የሰው እጅ ሆነበት። ፀጉር አስተካካዩን ሊጠራ ቢሞክር ምላሱ ተሳሰረ። ወንበሩ ሲገለበጥ ሰምቶ ፀጉር አስተካካዩ መላጫውን እንደያዘ ደረሰ፤ ፊቱ ግማሽ የተላጨው ደንበኛውም ተከትሎት መጣ። ሁለቱ አንሥተው ታክሲ ውስጥ አስገቡት።

ሆስፒታል ውስጥ ሲነቃ በጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር እንደተዘጋ ነገሩት። ቀኝ ጎኑ የለም። ከሚያውቀው ቃል ሁሉ አፉ ላይ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃ ሲፈልግ፣ ሲያመው፣ ሚስቱን ሲያይ የሚወጣው ያው ነው፤ «አንድ ደቂቃ።» ፀጉር አስተካካዩ ሊጠይቀው መጥቶ ይህን ሲሰማ ሊስቅ ፈለገ፣ አልቻለም፣ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ አለቀሰ።

ሚስቱ ግን ጠንካራ ነበረች። አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አጠበችው፣ አጎረሰችው። የመጀመሪያው ቀን ወደ ማታ ላይ ከቦርሳዋ ግማሽ ኪኒኗን አውጥታ በውሃ ስትውጥ አያት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ወተቱስ? ፍቅፋቂውስ? ሌላው ግማሽ ያለው ከረሜላ ቆርቆሮው ውስጥ ነው፤ ያንን የሚያውቅ ሰው ደግሞ እዚህ ተኝቷል። ሲስተር የማይሆን ያለችው ነገር፣ በአንድ ጊዜ መነጠቅ፣ በሱ እጅ ሚስቱ ላይ ሊደርስ ነው።

«አንድ ደቂቃ» አለ። «አንድ ደቂቃ! አንድ ደቂቃ!»

«እሺ የኔ ጌታ፣ አለሁ፣ የትም አልሄድም» አለችውና ግንባሩን ዳበሰችው።

በማግስቱ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ማንኪያው ጥርሱን መታው። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ አስታማሚዎቹ «ደክሟት ነው፣ ባሏ ወድቆባት» ይላሉ፤ እሷም ድካም ይመስላታል። እሱ በግራ እጁ ሁለት ጣቱን አጋጥሞ በአየር ላይ እንደሚፍቅ፣ ከዚያ ብርጭቆ ላይ እንደሚያራግፍ፣ ከዚያ እንደሚያማስል ያሳያታል። ደጋግሞ፣ ላብ እስኪያጠምቀው።

ሚስቱ ትኩር ብላ አየችውና ገባኝ አለች። ወርዳ፣ ደረጃ ወጥታ፣ ከካፍቴሪያው ትኩስ ወተት ይዛለት መጣች። «ወተት አማረህ አይደል? እኔን በስንቱ ወተት ስታጠጣኝ ኖረህ።» ማንኪያውን በሚንቀጠቀጥ እጇ ወደ አፉ አቀረበች። አልከፍትም አለ። እንባው በደኅናው ዓይኑ በኩል ወርዶ ትራሱን አራሰው። እሷም አብራው አለቀሰች፣ ለምን እንደሚያለቅስ ሳታውቅ።

አምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ትራሱን ልታቃናለት ተነሣች። «ብርሃኑ ምን ሆኗል?» አለች፤ ከዚያ ዓይኗ ተገለበጠ። ወለሉ ላይ ስትወድቅ የጭንቅላቷን ድምፅ ሰማ። ስትንፈራገጥ ጫማዋ የአልጋውን ብረት ይመታል። እሱ ከላይ ሆኖ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ እጁን ዘርግቶ አልደረሰባትም። «አንድ ደቂቃ» ይላል። ሰው እስኪመጣ ድረስ አላቋረጠም።

ሲስተር ይህን ሰምታ የመጣችው በዚያው ከሰዓት ነው። ሚስቱ ሌላ ክፍል ተኝታለች፤ ግንባሯ ተሰፍቷል፣ በሕይወት አለች። ሐኪሞቹ ግራ ገብቷቸዋል። ሲስተርም ግራ ገብቷታል፤ እንዲያ የተረጋጋች ሰው፣ በግማሽ ኪኒን ላይ ያን ያህል ጊዜ ቆይታ፣ አሁን ለምን? ሰዓት ሠሪው አጠገብ ተቀምጣ ታስብ ነበር። እሱ በግራ እጁ የራሱን የደም ግፊት ኪኒን ከጠረጴዛው አነሣ። በጥፍሩ ፋቀው። ዱቄቱን ውሃው ብርጭቆ ውስጥ ጣለ። ወደ ሚስቱ ባዶ ወንበር ጠቆመ።

ሲስተር ብርጭቆውን አየች፣ እሱን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባቴ፣ እጄን ይያዙ። አዎ ከሆነ ይጨብጡኝ። የምንቀንሰውን መልሰው ይሰጧት ነበር?»

ጨበጣት።

«ከመቼ ጀምሮ? ያ ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣባት ወዲህ?»

ጨበጣት፤ አልለቀቃትም። ሲስተር አልተቆጣችም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አለች። «ሁሉንም በአንድ ሰው እጅ ላይ ጥዬ ሄድኩ። እንዴት እያደሩ ነው ብዬ አንድ ቀን እርስዎን ብቻዎን አልጠየቅኩም።» ከዚያ ተነሥታ ወደ ሐኪሞቹ ሮጠች፤ መድኃኒቱ በዚያው ዕለት ወደ ሙሉው ተመለሰላት።

ሚስቱ ቆማ መሄድ ስትችል ነው የተነገራት፤ እዚያው አልጋው አጠገብ። ሲስተር ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ሚስቱ በግንባሯ ላይ ያለውን ፋሻ እየነካካች እስከ መጨረሻው ሰማች።

«እና እኔ ግማሽ ላይ አልነበርኩም?»

«አልነበሩም እናቴ።»

«ያ ያለቀስኩትስ? ድምፅዋ የመጣልኝ?»

«እሱ የራስዎ ነው። ኪኒን አልሰጠዎትም፣ ኪኒን አይወስድብዎትም።»

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። «ያኔም ሳትጠይቀኝ ነው ያስተኛኸኝ። አሁንም ሳትጠይቀኝ» አለችው። ድምፅዋን አላነሣችም። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«አሁን ምን ይሻለኛል ታዲያ?» አለች ለሲስተር።

«ከመጀመሪያው እንጀምራለን» አለች ሲስተር። «ቀስ ብለን።»

ቤት ሲገቡ አልጋውን ወጥ ቤቱ ከሚታይበት ክፍል አደረገችለት። ለብዙ ሳምንት ከሚያስፈልገው በቀር ቃል አልተነፈሰችለትም። ማታ ሲሆን መነጽሩን ራሷ ትሰካና በምላጩ ትታገላለች፤ ኪኒኑ ይሰበርባታል፣ ትሰድባለች፣ ሌላ ታነሣለች። ሲስተር ይህን አይታ በየደረጃው ተለክቶ የሚወሰድ የዚያኑ መድኃኒት ጠብታ አስገኘችላት። እስከዚያው ግን ፍቅፋቂውን በወረቀቱ ይዛ እሱ አልጋ አጠገብ ትመጣና፣ እያየ፣ በመስኮቱ እፍ ትለዋለች። ይኸው ነበር ቅጣቱ።

አይደለም፤ ቅጣቱ ሌላ ነበር። ያንን ሁሉ ማላብ፣ ያንን ሁሉ መንቀጥቀጥ፣ ሊያየው ያልቻለውን ያንን ጀርባ፣ አሁን ከአልጋው ሆኖ በየጊዜው ማየት ነበረበት። የሚያማስለው ወተት የለም፤ የሚሠራ እጅ የለውም። የሚችለው አንድ ነገር፣ መኖር ብቻ ነው። አንድ ምሽት በጣም ሲብስባት መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን ሰጠችው። ግራ እጁን አነሣና ጀርባዋ ላይ አኖረው። አላሻሸም፣ ዝም አላሰኘም። መንቀጥቀጧ እስኪያልፍ እጁ እዚያው ቆየ። ከዚያ ወዲያ ሲከብዳት ሁሌ ትመጣለች። ሲስተርም ስትደውል ባሉበት ቁሙ ትላለች፤ ይቆማሉ፤ ደግሞ ይወርዳሉ።

ዓመት አልፎ፣ ሁለተኛው ሲጋመስ፣ አለቀ። የመጨረሻው ጠብታ ባለቀ በወሩ ሚስቱ ፀጉር አስተካካዩን ጠራችው። ባሏን በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ታክሲ አሳፈሩት። የት እንደሚሄዱ ማንም አልነገረውም፤ መንገዱን ግን ያውቀዋል።

በሩ ላይ ያቺ አበባ ሻጭ ሴት አለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ሰዓት ሠሪውን ስታየው ከበርጩማዋ ተነሣች።

«ውይ ጋሼ፣ ምን አገኘዎት? ሲጠፉብኝ ሞቱ ብዬ ነበር እኮ።» ወደ ሚስቱም ዞር ብላ፣ ክፋት ሳይኖራት፣ «ዛሬስ ሊገቡ ነው?» አለች።

የሚስቱ እጅ ወንበሩ እጀታ ላይ ቀጥ አለ። «ሌላ ጊዜ አይገባም?»

«የለም፤ እዚችው ጋ ቆመው ነው የሚመለሱት። ሁልጊዜ።»

ሚስቱ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። ፊቱን ከፊቷ መመለሻ አጣ። ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ወደ ውስጥ፣ ወደ ድንጋዮቹ ሊጠቁም ሞከረ። እጁ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፣ አየር ላይ ቀረ። አያውቀውም። ልጁ የት እንዳለች አያውቅም። «አንድ ደቂቃ» አለ፤ «አንድ ደቂቃ…» እና ከዚያ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ያልወጣው ነገር ከሆዱ ወጣ። አፉ ግማሹ ብቻ እየተከፈተ፣ እንደ ሕፃን ጮክ ብሎ አለቀሰ። አበባ ሻጯ ፊቷን አዞረች።

ሚስቱ ዝም በል አላለችውም። ከሻጯ አበባ ገዝታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ እንባውን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፤ የሷም ይወርድ ነበር።

«በቃ» አለችው። «ከመጀመሪያው ረድፍ እንጀምራለን። ቀስ ብለን።»

የወንበሩን ፍሬን ፈታችና በበሩ ገፍታ አስገባችው።